ዓመቱን ሳትቆርጡ ድንኳኑን አትትከሉ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ዐምዱን ለአንድ ጉዳይ ለቀነዋል። ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሰንዳፋ የጻፉልን አንባብያን በየሰፈራቸው የጥንት ዘመን ትርኢት ሊያዘጋጁ አስበዋል፤ ሰው የአሮጌ ዘመን ልብስ ለብሶ የሚገበያይበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ አዝማሪ የሚያዜምበት፣ በውጭ የሬኔሳንስ ትርኢት የሚባለውን ዓይነት ማለት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። ልዩ ምልክት ካላደረግንበት በቀር የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«የወጣት ማኅበራችን ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን የጎንደርን ግንብ በካርቶን እንሥራ ይላል። ሌላው የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥንና ፈረሰኞቿን ይፈልጋል። የትኛው ይሻላል?» — ከለገጣፎ

ሁለቱም ይቅሩባችሁ። የሬኔሳንስ ትርኢት አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1963 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው፤ ሐሳቡ ፊሊስ ፓተርሰን የተባለች መምህርት ነበር። አሜሪካኖቹ የኤልሳቤጥን ዘመን የሚያዘወትሩት ለእነሱ ስለሚቀርባቸው ነው። እኛ በዚያው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘንበት ታሪክ እያለን የሰው ንግሥት መዋስ ምን አመጣው? ጎንደርም ዘግይታ የመጣች ናት፤ አፄ ፋሲል የቆረቆሯት በ1636 ነው።

እኛ የምንመክረው 1520ን ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ፤ በጥቅምት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር 1513 በባተ በሁለተኛው ወር፣ ከአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ፤ እስከ 1526ም በሀገሩ ቆዩ። አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ልብሱና ስለ ምግቡ ጽፎ ስላለፈ በግምት አትሠሩም። ገጸ ባሕርያቱም ሞልተዋል፦ ከሀገር እንዳይወጣ ተከልክሎ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረው ፖርቱጋላዊው ጴሮ ዳ ኮቪልያ፣ ቬኒሳዊው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን፣ በእርጅናቸውም ቃላቸው የሚከበረው እቴጌ እሌኒ። ከአዲስ አበባ ዳርቻ ጋር የሚያያይዝ ክር የምትፈልጉ ከሆነ፣ የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የሐበሻ ከተማ አለች። ትክክለኛ ቦታዋ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እንጦጦንና ዙሪያውን የሚጠቁሙ ተመራማሪዎች ስላሉ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ክርክሩን ራሱን ጻፉት።

ይህን ዓመት የምንወድበት ሌላው ምክንያት ወጪው ነው። የንጉሡ ከተማ ተንቀሳቃሽ ነበረችና ግንብ አያስፈልጋችሁም፤ ድንኳን ይበቃል። ከፍ ባለው ቦታ የንጉሡን ድንኳን ትከሉ፣ መኳንንቱን በቀኝና በግራ በየማዕርጋቸው አስፍሩ፣ ገበያውን ራቅ አድርጉ። ንጉሡ በዘመኑ ልማድ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሚቀመጡ የሚጫወታቸው ሰው በቀን አንዴ ብቻ ይገለጥ። ተዋናዩ ደካማ ቢሆን እንኳ ይሸፈንላችኋል።

አንድ ገደብ ግን ይኑር። ከ1529ኙ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ወዲህ ያለውን ለመዝናኛ አታንሡት። በአንድ እድር ውስጥ ያሉ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶችን የሚያስከፋ ነገር እንኳን ለሰፈር ትርኢት ለምንም አይሆንም።

«ሱሉልታ ሜዳ ላይ 400 ሰው ያህል እንጠብቃለን። መቼ ይሁን? ድንኳን ከእድራችን እናገኛለን።» — የእድር ጸሐፊ፣ ሱሉልታ

ክረምቱንና በልጉን ተዉት። የሱሉልታ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው፤ አንድ ሌሊት ከዘነበ መኪናም ሰውም ይይዛል። የቀሩት ሁለት ጊዜያት ናቸው፦ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 14፣ ወይም ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሥጋና ቅቤ ያለበት ድግስ ግማሹን እንግዳ ያስቀርባችኋል። ረቡዕና ዓርብን የምታውቁት ነው፤ ቅዳሜ ይሁን።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ወጥ ሠሪ፣ አዝማሪ፣ ሁሉም ከሁለት ወር በፊት ይያዛል። የእድር ድንኳን አለን ማለታችሁ ጥሩ ነው፤ ግን የእድር ድንኳን ቅድሚያው ለለቅሶ ነው። በዋዜማው ሰው ቢሞት ድንኳኑ ይሄዳል፣ መከራከርም ነውር ነው። ስለዚህ ከአጎራባች እድር በጽሑፍ ተጠባባቂ ያዙ። ሰማያዊውን ሸራ በአቡጀዲ ብትሸፍኑት ከሩቅ የዘመኑን ድንኳን ይመስላል፤ ከፊትና ከጎን ብቻ ሸፍኑት፣ ጣሪያውን ማንም አያየውም።

በደረቁ ወራት የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ካስማው ስንጥቁ ውስጥ ከገባ በእጅ ይነቀላል። ባለ 14 ፌሮ በ70 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ፣ ከስንጥቅ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ፣ ራሱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱት። መሬቱ አልይዝ ካለ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት አሸዋ የሞላ ጆንያ እሰሩ። ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ይንጠልጠል፤ ሰው የሚወድቀው በማይታይ ገመድ ነው። በጥቅምትና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ በሩን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትክፈቱ፣ ከአመሻሹ 11 ሰዓት ዝጉ።

መኪና ማቆሚያውን ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ያለበት ማሳ ላይ አታድርጉት። የጋለ የጭስ ማውጫ ሣር ያቀጣጥላል፤ እሳቱን ነፋሱ ወደ ድንኳኖቹ ይነዳዋል።

«ምግቡን እኔ ነኝ የያዝኩት። ዘመኑን የጠበቀ ይሁን ተብዬ ምን እንደማበስል ግራ ገባኝ።» — ከሰበታ

እመቤት፣ የሚያስፈራዎት ነገር ትክክል ነው፤ በርበሬ የለም። በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ኮሎምቦስ የተሻገረው በ1492 ስለሆነ በ1520 የልብነ ድንግል ማዕድ ላይ አልደረሰም። ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎ፣ ኦቾሎኒና የፈረንጅ ሱፍ ከዚያው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ድንችማ በ19ኛው መቶ ዓመት የገባ ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ አልነበረም፤ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። አጥራችሁ ከባሕር ዛፍ ቢሆን ግን እኛ አንቀየምም፤ ሱሉልታና ሰበታ ላይ ሌላ አጠና ከየት ይመጣል?

የቀረው ግን ብዙ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን፣ ኑግ፣ ተልባ፣ የአበሻ ሱፍ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ሥጋ። የሚያቃጥለውን ከጥምዝ፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከዝንጅብልና ከሰናፍጭ ያገኙታል። ለአሥር ኪሎ የሽሮ እህል በበርበሬው ፈንታ 150 ግራም ጥምዝ፣ 100 ግራም ኮረሪማ፣ 200 ግራም የደረቀ ዝንጅብል፣ 100 ግራም ጥቁር አዝሙድ፣ አንዳንድ እፍኝ በሶብላና ጦስኝ አድርገው ያስፈጩ። ጥምዝ ዘግይቶ የሚያቃጥል ስለሆነ ስትቀምሱ አይሰማም፤ በሦስተኛው ጉርሻ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ አላቃጠለም ብሎ ይጨምርና ወጡ መራራ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ አስቀድማችሁ አስፈጭታችሁ፣ ሠርታችሁ፣ አቆይታችሁ ቅመሱት።

ለ300 ተመጋቢ 15 ኪሎ ሽሮ፣ 90 ኪሎ ሥጋና 650 ያህል እንጀራ አስቡ። ሥጋውን ቅርጫ ብታደርጉት ይረክሳል። ጥሬውን ግን ለሕዝብ አታቅርቡ፤ የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ የቤተሰብ ግብዣ ላይ ሥጋውን የሚመርጠው ሰው ይታወቃል፣ ትርኢት ላይ አይታወቅም። ቀቅላችሁ ወይም በጥምዝና በቅቤ ጠብሳችሁ አቅርቡት።

ቡና በዚያ ዘመን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የተለመደ አልነበረም፤ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ያለ ቡና አምስት ሰዓት የሚቆም አስተናጋጅ ስለሌለ ግን ረከቦቱን ከመግቢያው በር ውጭ አስቀምጡት፤ ሰው ከ1520 ወጥቶ ጠጥቶ ይመለሳል።

«ጠጁን ራሳችን እንጣል ወይስ እንግዛ? 200 ጠጪ ቢኖር ስንት ይበቃል?» — ከቡራዩ

ጊዜ ካላችሁ ጣሉ። ለ200 ሰው ሁለት ሁለት ብርሌ ብትሰጡ 130 ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ በትልቅ በርሜል ከመጣል በሰባት ትንንሽ ዕቃ ጣሉት፤ አንዱ ቢበላሽ ስድስቱ ይቀራሉ።

ለአንድ ዕቃ 5 ኪሎ ማርና 15 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ዕቃው ታጥቦ በወይራ ይታጠን። ማሩን በውሃው በጥብጡ፣ ሸፍናችሁ ሦስት ቀን አቆዩት፣ ሰፈፉን ግፈፉ። ግማሽ ኪሎ ያህል የጌሾ እንጨት ከብጥብጡ በተቀነሰ ሁለት ሦስት ሊትር ሩብ ሰዓት ይፍላ፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይመለስ። ትኩሱን ከመለሳችሁት እርሾውን ይገድላል፤ ጠጁም ደንዝዞ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት የሚበቃው ጠጅ ሱሉልታና ቡራዩ ላይ በብርዱ ምክንያት ወር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከትርኢቱ አምስት ሳምንት በፊት ጀምሩ፣ ዕቃውንም ማድቤት አጠገብ አኑሩት። ክዳኑን አታጥብቁ፤ አየሩ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። የመጨረሻው ማጥለል ከሦስት ቀን በፊት ይሁን፤ በዋዜማው ካጠለላችሁት አተላው አይረጋም።

ማሩ ስኳር ከተቀላቀለበት ጠጁ ይፈላል፣ ያሰክራልም፣ ግን ጣዕሙ ባዶ ነው። ከነሰፈፉ ያለውን ግዙ።

ለልጆች፣ ለሾፌሮችና ለፈረሰኞች ብርዝ፦ አንድ ኪሎ ማር በ5 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በዕለቱ ጠዋት ተበጥብጦ። የአደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራልና ለልጅ አይሰጥም። ብርሌ የኋላ ዘመን ስለሆነ በሸክላ ወይም በቀንድ ዋንጫ አቅርቡ። ዋንጫውን በፈላ ውሃ አትጠቡት፤ ቀንድ በሙቀት ይለዝባል፣ ቅርጹም ይጠፋል።

«የሰፈራችን ፈረሰኞች ጉግስ ሊጫወቱ ዝግጁ ናቸው። ሌላ ቡድን ደግሞ እንደ አውሮፓ በጦር ይጋጠሙ ይላል። ሜዳውንና ደኅንነቱን እንዴት እናድርግ?» — ከሰንዳፋ

በጦር መጋጠም አይሞከርም። አውሮፓዊው ያንን የሚያደርገው በከባድ የብረት ጥሩር፣ ለዚያ በተመረጠና በተገራ ትልቅ ፈረስ ነው። የእኛ ፈረስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ የተፈጠረው ለጉግስ ነው።

ለሜዳው 150 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ስፋት ያዙ፤ በሁለቱም ጫፍ ፈረሱ የሚበርድበት 50 ሜትር ባዶ ቦታ ይተው። ተመልካች በአንዱ ረጅም ጎን ብቻ ይቁም። በጫፎቹ ማንም አይቁም፤ አደጋ የሚደርሰው መጨረሻው ላይ ፎቶ ለማንሣት በቆመ ሰው ላይ ነው። ገመድ ሁለት ረድፍ ይሁን፣ በመካከላቸው 5 ሜትር። ፈረስ ቀጭን ገመድ ስለማያይ በየሁለት ሜትሩ ጨርቅ ይታሰርበት።

ከሁሉ በፊት ግን መሬቱን በእግር ፈትሹ። ሰንዳፋና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፍልፈል አለ። የፍልፈል ጉድጓድና የዋልካ ስንጥቅ የፈረስ ቅልጥም ይሰብራሉ፤ ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ሜዳውን በመስመር ይሂድበት፣ የተገኘው ቀዳዳ ሁሉ በአፈር ተጠቅጥቆ ይሞላ። ይህን በሳምንቱና በዕለቱ ጠዋት አድርጉት፤ ፍልፈል በአንድ ሌሊት አዲስ ይቆፍራል።

የጉግሱ ዘንግ ቀላል ሸምበቆ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ጫፉ በጨርቅና በቆዳ ተጠቅልሎ እንደ ዱባ ድፍን ይሁን። ከትከሻ በታች ብቻ ይወርወር፤ ፈረሱን የመታ ከዙሩ ይውጣ። ፈረሰኛው ራሱ ላይ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጎ ሸማ ይጠምጥምበት፤ ከሩቅ ሻሽ ነው።

ለጀማሪዎችና ለአውሮፓው ወገን ቀለበት መውጋት እንመክራለን፤ በዘመኑ በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችም የተወደደ ጨዋታ ነበር። ከአግድም እንጨት ላይ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ከፈረሰኛው ዓይን ትይዩ ይንጠልጠል፤ ለእኛ ፈረስ ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። በልብስ መቆንጠጫ ብቻ ይያዝ። በገመድ ከታሰረ ጦሩ ይያዝና የጋላቢውን ትከሻ ያወልቃል። ሦስት ዙር ካለፉ በኋላ ቀለበቱን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር አጥብቡት።

የጋሪ ፈረስ ለዚህ አይሆንም። በጭንቅላቱ ላይ የሚወዛወዝ ዘንግ አይቶ አያውቅም። የተለመዱትንም ቢሆን ከሦስት ሳምንት በፊት ከነጋሪትና ከባንዲራ ጋር አስተዋውቋቸው፣ በመጀመሪያ በ50 ሜትር፣ ከዚያ እየቀረባችሁ። ርችት፣ የተከፈተ ጃንጥላና ጄኔሬተር ከሜዳው ይራቁ። ፈረሱ ከመጋለቡ ሁለት ሰዓት በፊት እህል አይበላ። ሩብ ሰዓት በሶምሶማ ይሞቅ፣ ከሦስት ግልቢያ በኋላ ይቀየር።

ትርኢቱ በጥቅምት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሁለት ወር ቀድማችሁ አነጋግሩ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍና በክረምቱ መውጫ የሚበረታ ነው፤ ያልተከተበ ፈረስ ከሌላ ሰፈር ከመጡ ፈረሶች ጋር አይሰብሰብ። ጥርን ከጥቅምት የምናስበልጠው በዚህም ምክንያት ነው።

«ጋሻ ከኮምፔንሳቶ ሠርተን በመጀመሪያው ልምምድ ተሰነጠቀ።» — ከሰንዳፋ፣ ሌላ አንባቢ

ኮምፔንሳቶ ዝርግ ስለሆነ ምቱን ይቀበላል፤ የጥንቱ ጋሻ የጎበጠ ስለሆነ ያንሸራትተዋል። ጥሬ የከብት ቆዳ ከቄራ ግዙ፣ ጨው ያልተነሰነሰበት ቢሆን ይመረጣል። ጨው የበላ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ደመና ባለበት ቀን ይለሰልሳል፤ ከሌለ ውሃውን ሦስት አራት ጊዜ እየቀያየራችሁ እጠቡት።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ይዘፍዘፍ። ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር ክብ ቁረጡ፣ ወርዱ 50 በሆነ የተደፋ ሳፋ ላይ ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ወጥሩት፣ ዙሪያውን በገመድ እሰሩ። በጥላ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ውጭው ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ይጎትተዋል፤ ጋሻው እንደ ቅጠል ይጠመዘዛል። የእጀታውን አራት ቀዳዳ በሦስተኛው ቀን ብሱ፤ ፈጽሞ ከደረቀ መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። ማታ ማታ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ የሰንዳፋ ውሾች ጋሻ ከምግብ አይለዩም።

«ልብስ ለማሰፋት ምን ያህል ጨርቅ እንግዛ? ጥበብ ያለው ቀሚስ ይሆናል?» — ከለገጣፎ

የሚያብረቀርቅ ክርና ዚፕ ያለበት አይሆንም። ለአንድ አዋቂ እጀ ጠባብ ወርዱ 1.50 የሆነ አቡጀዲ 2.5 ሜትር፣ ለሱሪው 1.5 ሜትር ይበቃል። ከመስፋታችሁ በፊት በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ካልሆነ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል። ጨርቁ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለውን ንጣት ለማጥፋት 100 ግራም ሻይ ቅጠል በ5 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ግማሽ ሰዓት ንከሩት። ኩታና ጋቢ ከሽሮ ሜዳ ያለ ጥለት ወይም በቀጭን ጥለት ይገዛል። እረኛና ተማሪ የሚጫወቱ ለምድ ወይም ደበሎ ይልበሱ፤ የሱሉልታን ጠዋት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ከፋይ ለመኳንንቱና ለፖርቱጋሎቹ ብቻ ይቆይ፤ ሁሉም ከፋይ ከለበሰ መኳንንቱ አይታወቁም።

ልብሰ ተክህኖ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥላና ጽናጽል ለትርኢት አይሁኑ። አልቫሬስን የሚጫወተው ጥቁር ረጅም ቀሚስ ይበቃዋል። ጎራዴው ከእንጨት፣ የጦሩ ራስ ከመኪና ከመነዳሪ፣ ነፍጡ ቧንቧ የሌለው እንጨት ይሁን። እውነተኛ መሣሪያ፣ የአያት ጎራዴም ቢሆን፣ በሩ ላይ ይቀራል።

«በማርያ ቴሬዛ ብር እንገበያይ ብለናል። ትክክል ነው?» — ከቡራዩ

አይደለም፤ ያ ብር መመታት የጀመረው በ1741 ነው። በ1520 የሚገበያዩት በአሞሌ ጨው ነበር፣ አልቫሬስም ጽፎታል። 10 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ዘንጎች ነጭ ቀብታችሁ በጋለ ብረት ማኅተም ምቱባቸው። ከጄሶ የተሠራ ይሰበራል፣ ከካርቶን የተሠራ ደግሞ እስከ ቀትር ድረስ ይባዛል። ለዋጭ ድንኳን አንድ፣ በውስጡ ሁለት ሰው፣ የወጣውን ቁጥር የሚመዘግብ ደብተር። የተረፈው እስከ 11 ሰዓት እንደሚመለስ በሰሌዳ ጻፉ፤ ሳትጽፉት ከቀረ ጠቡ እዚያ ድንኳን በር ላይ ነው።

«ለሙዚቃው ድምፅ ማጉያ እንከራይ ወይ? አንድ የአውሮፓ ጭፈራም ብንጨምር?» — ከሰበታ

ለማስታወቂያ አንድ ይኑራችሁ፣ ለሙዚቃ አትክፈቱት። ማሲንቆ በሜዳ ነፋስ ከ12 ሜትር በላይ አይሰማም፤ አዝማሪው ጀርባውን ለድንኳን ግድግዳ ሰጥቶ፣ ነፋሱ ከኋላው እየመጣ ይቀመጥ፣ ሰው በግማሽ ክብ ይክበበው። ለርቀት እምቢልታ፣ መለከትና ነጋሪት አሉላችሁ፤ እነሱም የሚመቱት ፈረሶቹ ከሜዳ ሲወጡ ነው። በገና የጸሎት ነውና ከጠጁ ድንኳን ይራቅ።

ጭፈራውን በተመለከተ ፓቫን የሚባለውን ውሰዱ። የ16ኛው መቶ ዓመት ነው፣ መራመድ ለቻለ ሁሉ ይሆናል፦ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰልፎ አንድ ርምጃ በግራ ማቆም፣ አንድ ርምጃ በቀኝ ማቆም፣ ከዚያ በግራ ጀምሮ ሦስት ርምጃ ሄዶ ማቆም፤ ቀጥሎ በቀኝ ጀምሮ መድገም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ፍጥነቱን ነጋሪቱ ይጠብቅ፤ እኛ ስንጨፍር ትከሻችን ስለሚቸኩል እግሩ ይቀድማል።

«ፈቃድ፣ ውሃና መጸዳጃ ላይ ምን ትመክራላችሁ?» — የእድር ጸሐፊ፣ ሱሉልታ

ሱሉልታና ቡራዩ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ የአማርኛው ቅጂ አብሮ ይያያዝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ለአስተዳደሩ፣ ግልባጩን ለፖሊስና ለጤና ጣቢያ አስገቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚጠበቀውን ሰው፣ የፈረሱን ብዛት፣ የእሳቱን ቦታዎች፣ የእንጨት መሣሪያዎቹን፣ የኃላፊዎቹን ስምና ስልክ ዘርዝሩ። የእንጨት ነፍጥ የያዙ ሃያ ወጣቶች ሳይነገር በመንገድ ሲሄዱ ምን እንደሚሆን አስቡት። የሜዳው ባለቤት ወይም የሚያርሰው ገበሬ የፈረመበት ስምምነትም ይያያዝ።

ለ400 ሰው ስምንት መጸዳጃ፣ ከእነሱ ስድስቱ ለሴቶች። የሴቶቹ ሰልፍ የሚረዝመው ሁልጊዜ ግማሽ ለግማሽ ስለሚከፈል ነው። ጉድጓዱ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከነፋሱ በታች ይሁን። ውሃ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ አስሞሉ፤ ለፈረሶቹ የተለየ በርሜል ይኑር። እጅ መታጠቢያው ባለ ቧንቧ ጀሪካን ሆኖ ከመጸዳጃውና ከምግቡ ድንኳን በር ላይ፣ ሳሙናው በክር ታስሮ።

ማድቤቱ ከሌሎች ድንኳኖች 10 ሜትር ይራቅ፣ አሸዋ የሞሉ አራት ባልዲዎች አጠገቡ ይቀመጡ። ሣር የሚነሰነስበት ድንኳን ውስጥ ጧፍና የእጣን ማጨሻ አይግባ።

«ለልጆች ምን ይኑር?» — ከለገጣፎ

የገና ጨዋታ፣ ገበጣ፣ ሰንጠረዥና የጽሕፈት ድንኳን። ሰንጠረዡን የዛሬ ቼዝ የሚያውቅ ልጅ ይወደዋል፤ በአሮጌው የሐበሻ ደንብ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ ይባላል። ሁለት ዳኛ ያስፈልገዋል።

ለጽሕፈቱ መቃ በእርሳስ ርዝመት ተቆርጦ፣ ጫፉ በአግድም ተጠርቦ፣ መካከሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሰንጠቅ። ስንጥቁ ከረዘመ ቀለሙን ይተፋል። ቀለሙ ጥላሸትና የግራር ሙጫ በውሃ፤ የሕፃን ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም፣ ስለዚህ ሽርጥ ይታሰርላቸው። ብራና ውድ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ስጧቸው። ከጎኑ አንድ ሰሌዳ አቁሙ፦ በግዕዝ መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፣ ሮም ላይ፣ በ1513።

ለገናው በትሩ ከልጁ ወገብ አይብለጥ፤ እሩሩም ከእንጨት ሳይሆን በጨርቅ ከተሞላ ቆዳ ይሰፋ። ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ለብቻ አጫውቷቸው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ለአዋቂዎቹ ነው፤ የልጁ ቁርጭምጭሚት የተመታበት ወላጅ ይቆጣል፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ዕርዳታው ድንኳን ከዚህ ሜዳ አጠገብ ይተከል።